የልደት በዓል በአንጾኪያ እንደ ምን እንደ ጸና፤ የቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ታሪክ

የጌታችንና የመድኃኒታችን የኢየሱስ ክርስቶስ ልደት ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ጥምቀቱም ጥር 11 ቀን መከበሩ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት የጸና ሥርዐት ስለ ሆነ፥ በሁለቱ በዓላት መካከል ስላሉት 12 ቀኖች በቀድሞ ዘመን ብዙ ክርክር እንደ ነበረ የሚያስብ ሰው ጥቂት ነው። በአራተኛው መቶ ዓመት በምሥራቅ ያሉ ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ልደቱንና ጥምቀቱን አጣምረው ጥር 11 ቀን ያከብሩ ነበር፤ በዓሉንም ኤጲፋንያ ይሉት ነበር፤ ትርጓሜውም መገለጥ ማለት ነው። ልደቱ የራሱ ቀን ተለይቶለት ሕዝቡ በደስታ እንዲቀበለው ከደከሙት አባቶች መካከል በስብከቱ ብልጫ ያለው ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ነው። ይህንም በሠራ ጊዜ ሊቀ ጳጳሳት አልነበረም፤ ከተሾመ ዓመት ያልሞላው ቄስ ነበረ። ለማዘዝ ሥልጣን ስላልነበረው ሥራው ሁሉ በማስረዳት ነበረ። ከዚህ በታች የሚነገረው ዓመት ሁሉ በአውሮጳውያን አቈጣጠር፥ ወሩና ቀኑ ግን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ነው።

ዮሐንስ የተወለደው በ349 ዓመት ገደማ በአንጾኪያ ከተማ ነው። አንጾኪያ በኦሮንጥስ ወንዝ ዳር የተሠራች፥ በሶርያ አገር ከሁሉ የምትበልጥ፥ በሮም መንግሥትም ውስጥ ከሮምና ከእስክንድርያ ጋራ የምትቈጠር ታላቅ ከተማ ነበረች፤ ደቀ መዛሙርት መጀመሪያ ክርስቲያን የተባሉባት እርሷ መሆኗን የሐዋርያት ሥራ ይመሰክራል። አባቱ ሰኩንዶስ በሠራዊት አለቃ ዘንድ ሹመት የነበረው ሰው ሲሆን፥ ልጁ ገና ሕፃን ሳለ ሞተ። እናቱ አንቱሳ ያን ጊዜ ዕድሜዋ 20 ዓመት ያህል ነበረ። ሌላ ባል ታገባ ዘንድ አልወደደችም፤ ከግብር ሰብሳቢውና ከክፉ ዘመድ ጋራ እየታገለች የባሏን ርስት ጠበቀች፥ ለልጅዋም ትምህርት ገንዘቧን አልሰሰተችም። ከብዙ ዓመት በኋላ የልጅዋ መምህር፥ እርሱም ጣዖት የሚያመልክ ሰው፥ ይህች ሴት 20 ዓመት በመበለትነት መኖርዋን በሰማ ጊዜ፥ በክርስቲያኖች ዘንድ እንደ ምን ያሉ ሴቶች አሉ ብሎ ተደነቀ ይባላል።

ይህ መምህር ሊባንዮስ እንደ ሆነ ይታመናል፤ ሊባንዮስም በዚያ ዘመን በንግግር ጥበብ የታወቀ ነበረና ከዮሐንስ የተሻለ ደቀ መዝሙር አላገኘም። ነገር ግን ወጣቱ በፍርድ አደባባይ ጠበቃ ሆኖ ገንዘብና ክብር የሚያገኝበት ጥበብ አላረካውም። በ368 ዓመት ገደማ በአንጾኪያው ኤጲስ ቆጶስ በመላጥዮስ እጅ ተጠምቆ ወደ መጻሕፍት ትምህርት ዘወር አለ፤ ወደ ገዳምም ሊሄድ አሰበ። አንቱሳ ይህን ባወቀች ጊዜ እጁን ይዛ ወደ እልፍኝ አገባችው፤ እርሱን በወለደችበት አልጋ አጠገብ አስቀምጣው አለቀሰች፤ ሁለተኛ ጊዜ መበለት እንዳያደርጋት፥ እርሷን በአባቱ መቃብር አጠገብ ካኖረ በኋላ ወደ ወደደው እንዲሄድ ለመነችው። ይህን ራሱ ዮሐንስ ስለ ክህነት በጻፈው መጽሐፍ ተርኮታል። ለጊዜውም ልመናዋን ሰማ።

በኋላ ግን በ372 ዓመት ገደማ ከከተማው በላይ ወዳለው ተራራ ወጣ። አራት ዓመት በአንድ ሶርያዊ ሽማግሌ መነኵሴ ሥር፥ ሁለት ዓመት ደግሞ ብቻውን በዋሻ ተቀመጠ። በዋሻው ሳለ እንቅልፍን ነሥቶ፥ ጐኑን ሳያሳርፍ፥ መጻሕፍትን በቃሉ ያጠና ነበር። የተራራው ብርድ ሆዱንና ኵላሊቱን ጐዳው፤ በሽታውም እስከ ዕለተ ሞቱ አልለቀቀውም። ሰውነቱ በደከመ ጊዜ ወደ ከተማ ተመለሰ፤ በ381 ዓመት መላጥዮስ ዲቁና ሰጠው፥ በ386 ዓመት መጀመሪያም የመላጥዮስ ተተኪ ፍላብያኖስ ቅስና ሾመው። ፍላብያኖስ ሽማግሌ ነበረና የስብከቱን ሥራ ለአዲሱ ቄስ ሰጠው።

የተሾመበት ሕዝብ ለስብከት የሚያስቸግር ነበረ። የአንጾኪያ ሰው ደስታ ወዳድ ነው፤ ቲያትርና የፈረስ እሽቅድምድም ባለ ቀን ቤተ ክርስቲያን ባዶ ትሆን ነበር። ምእመናንም ባንድ አልነበሩም፤ የአርዮስ ወገን የቀረ አለ፥ የቀናውም ሃይማኖት ወገን በሁለት ኤጲስ ቆጶሳት ተከፍሎ ነበር። በመስከረም የአይሁድ በዓላት ሲደርሱ ከክርስቲያኖቹ ብዙዎች መለከት ሲነፋ ለመስማት ወደ ምኵራብ ይሄዱ ነበር፤ በጥር መጀመሪያም የአሕዛብ ዘመን መለወጫ ሲሆን በዘፈንና በመጠጥ ሌሊቱን ያነጉ ነበር። ዮሐንስ በ386 ዓመት መስከረም አካባቢ ስለዚህ ነገር በአይሁድ ላይ የተናገረው ቃል ከልክ ያለፈ ብርቱ ነበረ፤ በኋላ ዘመንም ክፉዎች ሰዎች ያንን ቃል አይሁድን ለማሳደድ ምክንያት አድርገውታል። ታሪኩን የሚጽፍ ሰው ይህን ሊሰውረው አይገባም። በዚያው ዓመት ግን ሌላ መንገድ ደግሞ አገኘ፤ ሕዝቡን ከሌሎች በዓል ከመከልከል ይልቅ የገዛ በዓሉን ማሳየት የተሻለ ሆነለት።

የልደት በዓል በምዕራብ የታወቀ ነበረ። በ354 ዓመት በሮም ከተጻፉት የዘመን መዝገቦች በአንዱ፥ በ336 ዓመት ተሰብስቧል በሚባለው የሰማዕታት መዘክር መጀመሪያ ላይ፥ ክርስቶስ በቤተ ልሔም መወለዱ ከታኅሣሥ 29 ጋራ በሚገጥመው ቀን ተጽፏል። ሮማውያን ይህን ቀን ስለ ምን እንደ መረጡ ሊቃውንት በሁለት ይከፈላሉ። አንዳንዶቹ ንጉሥ አውሬልያኖስ በ274 ዓመት ለፀሐይ መቅደስ ሠርቶ ስለ ነበር፥ በብርድ ወራት ፀሐይ ዙሮ ቀኑ መርዘም በሚጀምርበት ሰሞን አሕዛብ የሚያከብሩትን በዓል ቤተ ክርስቲያን ለእውነተኛው ፀሐይ ለክርስቶስ አደረገችው ይላሉ። ሌሎቹ ደግሞ ቀኑ ከመጋቢት 29 የተቈጠረ ነው ይላሉ፤ የጥንት ክርስቲያኖች ጌታ የተፀነሰበትንና የተሰቀለበትን ቀን አንድ አድርገው መጋቢት 29 ይሉ ስለ ነበር፥ ከዚያ ዘጠኝ ወር ሲቈጠር ታኅሣሥ 29 ይደርሳል። መጋቢት 29ን የፅንሰት፥ መጋቢት 27ን የስቅለት ጥንተ በዓል አድርጎ ለሚያከብር ኢትዮጵያዊ ይህ ሁለተኛው ነገር እንግዳ አይሆንበትም።

ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ በዓሉ ቀስ እያለ መጣ። በቍስጥንጥንያ ጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ በ380 ዓመት ገደማ በዚህ ቀን ስለ ልደት ሰብኳል። በአንጾኪያም ቀኑ ከተሰማ ዐሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። በዲድስቅልያ የልደት በዓል ቀን ታዝዞ ይገኛል፤ ሆኖም ሥርዐት በመጽሐፍ መገኘቱና በየአገሩ መፈጸሙ አንድ ጊዜ አይደለም። የአንጾኪያ ሰዎችም ይከራከሩ ነበር፤ እኵሌቶቹ ይህ ትናንት የመጣ አዲስ ነገር ነው፥ አባቶቻችን አላከበሩትም ይላሉ፤ እኵሌቶቹ ነቢያት ስለ ልደቱ አስቀድመው ስለ ተናገሩ የጥንት ነው ይላሉ። ፍላብያኖስ በዐዋጅ ቢያዝ ኖሮ፥ በሁለት ኤጲስ ቆጶሳት በተከፈለች ከተማ ሌላ መለያየት መጨመር በሆነ ነበር።

በ386 ዓመት ታኅሣሥ 24 ቀን በአንጾኪያ የቀድሞ ኤጲስ ቆጶስ የነበረው የፊሎጎንዮስ መታሰቢያ ነበረ። ዮሐንስ በዚያ ቀን ሲሰብክ የቅዱሱን ነገር በአጭሩ አድርጎ፥ ከአምስት ቀን በኋላ ወደሚመጣው በዓል አለፈ። ልደትን የበዓላት ሁሉ እናት አለው። ምክንያቱንም እንዲህ አስረዳ፤ ክርስቶስ በሥጋ ባይወለድ ኖሮ ባልተጠመቀም ነበር፥ ባልተሰቀለምና ባልተነሣም ነበር፥ መንፈስ ቅዱስንም ባልላከ ነበር፤ ስለዚህ ጥምቀትም ትንሣኤም ጰራቅሊጦስም ከዚህ አንድ ምንጭ እንደሚወጡ ወንዞች ናቸው። ደግሞም ሰው የሆነ መሞቱ ያለ ነውና፥ ከመሞቱ ይልቅ አምላክ ሲሆን ሰው ሊሆን መውደዱ ይደንቃል አለ። ሰብአ ሰገል ከሩቅ ምሥራቅ በድካም ተጕዘው ሕፃኑን በግርግም አገኙት፤ እናንተ ግን ቤታችሁን ትታችሁ እስከ ቤተ ክርስቲያን ለመምጣት ሰነፋችሁ ብሎ ገሠጻቸው። ቅዱስ ማእዱ የግርግሙ ምሳሌ ነው፤ የጌታ ሥጋ በዚያም በጨርቅ ሳይጠቀለል በመንፈስ ቅዱስ ተከብቦ ይኖራልና፥ በሃይማኖት የቀረበ ሰው እንደ ሰብአ ሰገል ያየዋል ብሎ አስተማረ። አምስት ቀን ለንስሓ እንደሚበቃም ነገራቸው፤ ቂም ያለው ይታረቅ፥ የበደለ ይናዘዝ፥ የነነዌም ሰዎች በሦስት ቀን የእግዚአብሔርን ቍጣ መልሰዋል አለ።

ታኅሣሥ 29 ቀን ቤተ ክርስቲያኑ ሞላ። ዮሐንስ ስብከቱን የጀመረው በደስታ ነበረ፤ ይህን ቀን በብዙ ሕዝብ ተከብሮ ለማየት ብዙ ጊዜ እንደ ናፈቀ፥ ዛሬም አደባባዩ እስኪጠብ ሕዝቡ እንደ መጣ ተናገረ። በዓሉ አዲስ መሆኑን አልካደም፤ እነሆ ለአንጾኪያ አዲስ ነው፥ ከትራቄ እስከ ምድር ዳር እስከ ጋዴስ ላሉት ግን የቈየ ነው አለ። የተተከለ መልካም ችግኝ በጥቂት ጊዜ አድጎ ፍሬ እንደሚሰጥ ይህም በዓል በጥቂት ዓመታት እንዲህ መስፋቱ የእግዚአብሔር ሥራ መሆኑን ያሳያል ብሎ፥ በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን የገማልያልን ምክር አነሣ። ቀጥሎ በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን ሕዝብ ሁሉ መቈጠሩን ሉቃስ ስለ ጻፈ፥ የቈጠራው መዝገብ በሮም ከተማ ተቀምጧልና በሮም ያሉት ቀኑን ከዚያ አግኝተው ለእኛ አስተላልፈዋል አለ።

ከሁሉ የረዘመው ማስረጃው ግን ከካህኑ ከዘካርያስ የተነሣ ነው። እንደ ዮሐንስ ትርጓሜ፥ ዘካርያስ ወደ ቤተ መቅደስ ገብቶ መልአኩን ያየው በሰባተኛው ወር በማስተስረያ ቀን፥ ሕዝቡ ሲጾም ሲጸልይ ነበር። ይህም በመስከረም ይውላል። ከዚያ በኋላ ኤልሳቤጥ ፀነሰች፤ በስድስተኛው ወር ገብርኤል ወደ ድንግል ማርያም ተላከ፤ ይህም መጋቢት ነው። ከመጋቢት ጀምሮ ዘጠኝ ወር ቢቈጥሩ ታኅሣሥ ይደርሳል። የኢትዮጵያ ስንክሳርም የዮሐንስ መጥምቅን ብሥራት መስከረም 26 ቀን ያኖረዋል፤ ቍጥሩ በዚሁ መንገድ የሄደ ነው።

እነዚህ ማስረጃዎች ሲመረመሩ እኵል አይጸኑም። የሮም የቈጠራ መዝገብ ዛሬ አልተገኘም፤ ዮሐንስም ራሱ አይቶታል የሚያሰኝ ነገር የለም። ዘካርያስንም እንደ ሊቀ ካህናት አድርጎ ወደ ቅድስተ ቅዱሳን ያስገባዋል፤ ሉቃስ ግን በአብያ ክፍል ተራ ዕጣ ደርሶት ሊያጥን እንደ ገባ ይጽፋል፤ ይህም በማስተስረያ ቀን ብቻ የሚሆን አገልግሎት አይደለም። ሊቃውንት ይህን አስተውለው በቍጥሩ አልተደገፉም። ይሁን እንጂ ስብከቱን አንብቦ የሚፈርድ ሰው የጕባኤውን ነገር ማሰብ ይገባዋል። የሚያጕረመርመው ሕዝብ የፈለገው ምክንያት ነው፤ ዮሐንስም ምክንያት ሰጠው፥ ከዚያም ፈጥኖ ከቀኑ ቍጥር ወደ ቀኑ ምሥጢር ወሰደው።

ምሥጢሩም ይህ ነው፤ የማይታየው ታየ፥ የማይዳሰሰው ተዳሰሰ፥ ዘመን የሌለው በዘመን ተቈጠረ፤ አምላክነቱ ሳይለወጥ ሰው ሆነ። ከዚህ ሁሉ ከፍታ በኋላ ስብከቱ የሚያበቃው በዝቅተኛ ነገር ላይ ነው፤ ለቍርባን ሲቀርቡ መጋፋትና መጯጯኽ እንዳይኖር በብርቱ አስጠነቀቀ። በበዓል ቀን ብቻ የሚመጡ ሰዎች እየተገፋፉ፥ እርስ በርሳቸው እየተረጋገጡ ቅዱስ ቍርባንን ተቀብለው የሚሮጡ ነበሩና። ሰው ሊሆን የወረደውን ጌታ ለመቀበል ባልንጀራውን የሚረግጥ ሰው ምን ሊያገኝ ነው የሚል ነገር ነበረው። በኋላም በአንጾኪያ የማቴዎስን ወንጌል ሲተረጕም ይህንኑ ወደ ድኾች አመጣው፤ የክርስቶስ ማእድ በወርቅ ጽዋ ተሞልቶ ክርስቶስ ራሱ በድኻው አካል ሲራብ ምን ይጠቅማል፥ አስቀድመህ የተራበውን አጥግብ፥ ከዚያ በተረፈው ማእዱን አስጊጥ እያለ ያስተምር ነበር። በግርግም የተኛው ሕፃን ለእርሱ በበረንዳ ከሚያድረው ለማኝ የተለየ አልነበረም።

ከሁለት ወር በኋላ፥ በ387 ዓመት፥ የአንጾኪያ ሕዝብ ስለ አዲስ ግብር ተቈጥቶ የንጉሥ ቴዎዶስዮስንና የቤተ ሰቡን ሐውልቶች ሰበረ። ከተማው የሞት ፍርድ ሲጠብቅ ሽማግሌው ፍላብያኖስ በብርድ ወደ ቍስጥንጥንያ ገሥግሦ ምሕረት ለመነ፤ ዮሐንስም ጾሙን ሙሉ ሕዝቡን ሲያጽናና ሲገሥጽ ሰነበተ። ምሕረቱ በፋሲካ መጣ። ከዚያ በኋላ ዐሥር ዓመት ያህል በአንጾኪያ ሰበከ፤ እነዚህ ዓመታት በሥራ የበዙ፥ በታሪክ ግን ጸጥ ያሉ ናቸው።

በ397 ዓመት የቍስጥንጥንያ ሊቀ ጳጳሳት በሞተ ጊዜ የቤተ መንግሥቱ ሹም ኤውትሮጵዮስ ዮሐንስን መረጠ። የአንጾኪያ ሕዝብ እንዳይነሣ ተፈርቶ፥ የአገሩ ገዥ ከከተማ ውጭ የሰማዕታትን መቃብር እንሳለም ብሎ ጠራው፤ ከዚያም በመንግሥት ሠረገላ አስቀምጠው ወሰዱት። በ398 ዓመት ሳይወድ የቀባው የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ነበረ፤ ለመንበሩ የራሱን ሰው አስቦ ነበርና። ዮሐንስ በሹመቱ ብዙ አልተለወጠም። የሊቀ ጳጳሳቱን ቤት ወጪ መርምሮ ቀነሰ፥ ገንዘቡን ለበሽተኞች ቤት አዞረ፥ ሌሎችም የበሽተኞች ቤቶች አሠራ፤ ግብዣ ማድረግንም ትቶ ብቻውን ይበላ ነበር። ይህ ለድኾች መልካም ሆነ፤ በግብዣ ለለመዱ መኳንንትና ጳጳሳት ግን ስድብ መሰላቸው። አንደበቱም ማንንም አይፈራም፥ አንዳንድ ጊዜም ከመታገሥ ይልቅ መቍረጥ ይቀናው ነበር።

በዚህ መካከል ከግብፅ ገዳማት በቴዎፍሎስ የተሰደዱ መነኮሳት፥ ቍጥራቸው 50 ያህል፥ ወደ ቍስጥንጥንያ መጥተው ተጠለሉ። ዮሐንስ ከፍርድ በፊት ከቍርባን ሳያሳትፍ ማደሪያ ሰጣቸው። ነገሩ በቴዎፍሎስ ላይ ክስ ሆኖ ተጀመረና በዮሐንስ ላይ ፍርድ ሆኖ ተፈጸመ፤ በ403 ዓመት በኬልቄዶን አጠገብ ዛፍ በተባለው ስፍራ ጕባኤ ተደርጎ ከሹመቱ ተሻረ። የቴዎፍሎስ የወንድሙ ወይም የእኅቱ ልጅ የሆነ ወጣት ቄርሎስም በዚያ ነበረ፤ እርሱም ኋላ በኤፌሶን ጕባኤ ያበራው ታላቁ ቅዱስ ቄርሎስ ነው። ቅዱሳንም በሕይወት ሳሉ አንዱ የሌላውን ነገር ሁልጊዜ አይረዱም።

ዮሐንስ በተሰደደ በጥቂት ቀን በቤተ መንግሥት መከራ ስለ ደረሰ ንግሥት አውዶክስያ ደንግጣ መለሰችው። ግን በዚያው ዓመት ለንግሥቲቱ የብር ሐውልት በቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ ቆመላት፤ የምረቃው ዘፈንና ጩኸት ጸሎቱን ስላወከ ዮሐንስ ተቃወመ፥ ጠቡም ታደሰ። በ404 ዓመት በትንሣኤ ዋዜማ ወታደሮች ወደ መጠመቂያው ገብተው ሊጠመቁ የቀረቡትን በተኑ፥ ደምም ፈሰሰ። በሰኔ ወር ዮሐንስ ከከተማው ወጣ፤ ተመልሶም አላያትም።

የተሰደደባት ኩኩሶስ በአርመን ተራሮች መካከል ያለች ትንሽ ከተማ ናት፤ ዛሬ በቱርክ አገር ጎክሱን ትባላለች። በተራራ ዋሻ የታመመው ሆዱ የዚያን አገር ብርድ አልቻለም። ለዲያቆናዊቱ ለኦሎምፒያ በጻፈው መልእክት ክረምቱን በአልጋ ላይ ተሸፋፍኖ፥ በሩን ዘግቶ፥ እሳት እያነደደ በጢሱ እየታፈነ፥ ሲያስታውክና እንቅልፍ ሲያጣ እንዳሳለፈው ይነግራታል። ቤት ባለ እሳት አይሠራም፥ ያለ እሳት ግን መኖር አይቻልም። ከዚህ በላይ ኢሳውርያን የሚባሉ ወንበዴዎች አገሩን ሲወሩ በበረዶ ላይ ከስፍራ ወደ ስፍራ ይሸሽ ነበር። ከዚያ ሆኖ የጻፋቸው ከ200 በላይ መልእክቶች እስከ ዛሬ አሉ፤ ለኦሎምፒያ የጻፋቸው 17 ናቸው። በእነርሱም የሚበዛው ሌላውን ማጽናናት ነው።

የአንጾኪያ ሰዎች እየሄዱ ስለሚጠይቁት ጠላቶቹ ቅር አላቸው፤ በ407 ዓመት በጥቍር ባሕር ምሥራቅ ዳርቻ ወዳለችው ወደ ፒቲዮስ እንዲወሰድ ታዘዘ። ወታደሮቹ በፀሐይና በዝናብ ራሱን ተገልጦ ሦስት ወር ያህል አስኬዱት። በጳንጦስ ኮማና በሰማዕቱ በባሲሊስቆስ ቤተ ክርስቲያን አድሮ በማግሥቱ ጥቂት ከሄዱ በኋላ ስለ ደከመ መለሱት። ነጭ ልብስ ለበሰ፤ የገዛ ልብሱን በዚያ ለነበሩት አከፋፈለ፤ ቅዱስ ቍርባን ተቀበለ፤ ስለ ሁሉ ነገር እግዚአብሔርን አመስግኖ በመስከረም ወር ዐረፈ። አፈወርቅ የተባለው ከሞቱ በኋላ ነው።

በእስክንድርያ ግን ስሙ ለጥቂት ጊዜ ከመዝገበ ጸሎት ተፍቆ ቈየ። ቴዎፍሎስን በመንበሩ የተካው ቄርሎስ መጀመሪያ ስሙን ለመመለስ እንቢ ብሎ ነበር፤ በኋላ ግን በ430 ዓመት ለቤተ መንግሥት እመቤቶች በጻፈው መጽሐፍ ስለ ሃይማኖት ምስክር ከሚሆኑት አባቶች መካከል ዮሐንስን አንዱ አድርጎ ጠቀሰው። በግብፅም እስከዚያ ዘመን ድረስ፥ የሩቅ አገር መንገደኞች እንደ ጻፉት፥ ልደትና ጥምቀት በጥር 11 ቀን ባንድነት ይከበሩ ነበር።

ከኤፌሶን ጕባኤ በኋላ በእስክንድርያና በአንጾኪያ መካከል መለያየት ሆነ። የአንጾኪያው ሊቀ ጳጳሳት ዕርቅ እንዲያደርግ የኤሜሳን ኤጲስ ቆጶስ ጳውሎስን ወደ እስክንድርያ ላከ። በ432 ዓመት በግብፃውያን አቈጣጠር ኪያክ 29 ቀን፥ እርሱም ታኅሣሥ 29 ነው፥ ይህ ከሶርያ የመጣ ኤጲስ ቆጶስ በታላቁ የእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን ቄርሎስ ተቀምጦ ሳለ ስለ ልደት ሰበከ፤ ድንግልን ወላዲተ አምላክ ብሎ በጠራት ጊዜ ሕዝቡ እልል ብሎ ንግግሩን አቋረጠው። ዮሐንስ በአንጾኪያ ለሚያጕረመርም ሕዝብ ያስረዳው በዓል ከ46 ዓመት በኋላ እርሱን በሻረችው መንበር ፊት በእልልታ ተከበረ። ከስድስት ዓመትም በኋላ፥ በ438 ዓመት፥ የአውዶክስያ ልጅ ንጉሥ ዳግማዊ ቴዎዶስዮስ የቅዱሱን ዐፅም ወደ ቍስጥንጥንያ አስመጥቶ፥ በሣጥኑ ላይ ተደፍቶ ለአባትና ለእናቱ ይቅርታ ለመነ። ኢየሩሳሌም በዓሉን የተቀበለችው ከመቶ ዓመት በላይ ዘግይታ ነው፤ የአርመን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ልደትንና ጥምቀትን ባንድ ቀን ታከብራለች።

ወደ ኢትዮጵያ ሊቃነ ጳጳሳት የሚላኩት ከእስክንድርያ ስለ ነበረ የኪያክ 29 ቀን ታኅሣሥ 29 ሆኖ በኢትዮጵያ ጸና፤ ጥር 11ም ለጥምቀት ብቻ ተለየ። በሕዝቡ አፍ ገና የሚለው ስም ጌና ከሚለው ከጽርእ ቃል የመጣ ነው የሚሉ አሉ፤ ይህም ልደት ማለት ነው። የዮሐንስ አፈወርቅ መታሰቢያ ግንቦት 12 ቀን ይውላል፤ ከ14ቱ ቅዳሴያት አንዱ በስሙ ይጠራል፤ የዕብራውያንን መልእክት የተረጐመበት ድርሳኑም በግእዝ ይነበባል። በዘመነ ሉቃስ መጨረሻ ጳጕሜን ስድስት ስትሆን፥ በተከታዩ በዘመነ ዮሐንስ ልደት አንድ ቀን ወደ ኋላ ተመልሶ ታኅሣሥ 28 ቀን ይከበራል። ምክንያቱም ከመጋቢት 29 እስከ ልደት ያለው ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን እንዳይዛነፍ ነው።